ምንም የማትገዛዋ ባለ አስር ቱግሪክ

አስር ቱግሪክ በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር ማስቲካ እንኳ አይገዛም። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ3,000 ቱግሪክ በላይ ይመነዘራል። እኔ ግን መልስ በተቀበልኩ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ባለ አስሯን ኖት ነው።

አንዷን ካፌ ቁጭ ብዬ በደንብ አየኋት። አረንጓዴ ናት፤ ከመታጠፍ ብዛት መሐሏ ሳስቷል። ፊቷ ላይ የዳምዲን ሱኽባታር ምስል አለ። ከጎኑ ሶዮምቦ የሚሉት ብሔራዊ ምልክት ቆሟል፦ ከላይ እሳት፣ ከስሩ ፀሐይና ጨረቃ፣ መሐሉ ላይ የተቃቀፉ ሁለት ዓሦች። ጀርባዋን ስገለብጥ ተራራ ስር የሚግጡ ፈረሶች አገኘሁ። ከከተማው ወጣ ስል ያየሁት ሜዳ ቁርጥ ይሄ ነው።

ጽሑፉ በሁለት ፊደል ነው። አንዱ ሲሪሊክ ሲሆን ሌላው ከላይ ወደ ታች የሚወርደው የጥንቱ የሞንጎል ፊደል ነው። ይሄኛው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሶቪየት ተጽዕኖ ቦታውን ለሲሪሊክ ለቆ ነበር። የራሱ ፊደል ያለው አገር ልጅ ስለሆንኩ መሰለኝ፣ እዚች ትንሽ ወረቀት ላይ ሳየው ደስ አለኝ።

ሱኽባታር የ1921ዱ አብዮት መሪ ነው። በ1923፣ ገና በ30 ዓመቱ አረፈ። ከአብዮቱ በፊት ግን ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ሆኖ ሠርቷል። እንጀራውን ከሕትመት የበላ ሰው፣ ዛሬ መልኩ ታትሞ ከእጅ እጅ ይዞራል።

በሶሻሊስቱ ዘመን የአገሪቱ ገንዘብ ፊት እሱ ነበር። ጀንጊስ ካንን በኩራት ማንሳት ያኔ ያስጠይቃል። ሥርዓቱ ከተቀየረ በኋላ፣ በ1993 አዳዲስ ኖቶች ሲወጡ ጀንጊስ ከ500 ጀምሮ ያሉትን ትልልቆቹን ያዘ። ሱኽባታርን ግን አልፋቁትም፤ ከ5 እስከ 100 ያሉትን ተዉለት። መንግሥት ሲቀየር የፊተኛውን መደምሰስ ለለመድን ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በበኩሌ ደግ አድርገዋል እላለሁ። ዋናው አደባባይም ላይ እንደዚያው ነው፦ ሱኽባታር መሐል ላይ በፈረሱ፣ ጀንጊስ ከመንግሥት ሕንጻው ፊት በዙፋኑ። አደባባዩ በ2013 በጀንጊስ ስም ተጠርቶ ነበር፤ በ2016 ለሱኽባታር ተመለሰ።

ትንንሾቹ ኖቶች በብዛት የሚገኙት ጋንዳን በሚባለው የቡድሂስቶች ገዳም ነው። እዚያ ከ26 ሜትር በላይ የሚረዝም የጃንራይሲግ፣ ማለት ቡድሂስቶች የርኅራኄ መገለጫ የሚሉት ቅዱስ፣ ሐውልት አለ። የቀድሞው በ1938 ፈርሶ ተወሰደ። የአሁኑ በሕዝብ መዋጮ ተሠርቶ በ1996 ቆመ። አንዲት እናት ከዴላቸው፣ ማለት ከረጅሙ የባህል ልብሳቸው ውስጥ፣ የኖት ጥቅል አወጡ። እያንዳንዷን በአውራ ጣታቸው አስተካክለው ምስሎቹ ፊት አኖሩ። ሳያቸው ቆይቼ አንድ ባለ 500 አውጥቼ በምልክት ዝርዝር ጠየቅኳቸው። ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው ባለ አስርና ባለ ሃያ ኖቶች ዘረጉልኝ። እኔም ልክ እንደ አገሬ ክንዴን ደግፌ ተቀበልኩ። ፈገግ አሉ።

የምትሄዱ ከሆነ ባለ አምስቷንም ፈልጉ። ሱቅ ውስጥ አጥቻት፣ ያገኘኋት እዚያው ገዳሙ ውስጥ ነው።