ፕሮዲውሰር ስሆን የተረከብኩት አደራ

የሦስተኛ ዓመት ሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። በግቢያችን የቲያትር ክበብ ሁለት ዓመት ተውኛለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ግን መድረክ ላይ አልወጣሁም፤ የአንድ የሙሉ ጊዜ ተውኔት ፕሮዲውሰር ነበርኩ። ሥራውን ስቀበል ብር ማፈላለግ ብቻ መስሎኝ ነበር። በየግቢው ያላችሁ የክበብ ልጆች ተራው ሲደርሳችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ብዙ ሰው አዘጋጅና ፕሮዲውሰር ይምታታበታል። ተዋናዩ የት ይቁም፣ መብራቱ መቼ ይጥፋ የሚለው የአዘጋጁ ነው። ፕሮዲውሰሩ ደግሞ ያ ሁሉ በተባለው ቀን፣ በተባለው አዳራሽ፣ በተገኘው ብር እንዲሆን ያደርጋል። የተማሪ ቲያትር የራሱ የሆነ ነገር የለውም። አዳራሹ የውሰት ነው፣ ልብሱ የውሰት ነው፣ የልጆቹ ጊዜም ከጥናታቸው ላይ የተቀነሰ ነው። ለዚህ ሁሉ ስሙን አስይዞ የሚዋሰው ፕሮዲውሰሩ ነው። እኔ ሥራው የገባኝ እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ውሰት ጽሑፉ ነው። መጀመሪያ የመረጥነው የአንድ የታወቀ ደራሲ ተውኔት ነበር። ደራሲው አርፏል። ትኬት ሸጠን ልናሳይ ስላሰብን የቤተሰቡን ፈቃድ መጠየቅ ነበረብን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ቤተሰቡን ስናፈላልግ ሦስት ሳምንት ሄደ። መልስ ሳናገኝ ቀኑ ስለቀረበ አንዲት የክበባችን ልጅ የጻፈችውን ወሰድን።

እሷንም በወረቀት አስፈረምኳት። ስንት ጊዜ እንደምናሳየው፣ ጽሑፉን ለመቀነስ ማን ፈቃድ እንደሚሰጥ በግልጽ ሰፈረ። «ጓደኛችን አይደለች እንዴ?» ያሉኝ ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት አዘጋጁ የእናትየውን ረጅም ንግግር ቆረጠው። ደራሲዋ ልምምዱ መሀል ገብታ አለቀሰች። ወረቀቱን አውጥተን ሦስታችን ተቀመጥን። ንግግሩ በግማሽ ቀነሰ፣ ልጅቷም ከክበቡ አልወጣችም። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ወይ ተውኔቱን ወይ ጓደኛችንን እናጣ ነበር።

ስለ ብር ብዙ አልልም። 18,000 ብር ጠየቅን፣ 7,000 ተፈቀደልን። ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ ይፈልጋል፣ ያለ ደረሰኝ የወጣች ሳንቲም ከኪስህ ናት። አዘጋጁ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ፈልጎ ነበር። ብሩ እንደማይበቃ እያወቅኩ ላለማስከፋት «እናያለን» እያልኩ ሁለት ሳምንት አቆየሁት። ይህ ትልቁ ስህተቴ ነው። እሱ ትዕይንቱን ሁሉ በዚያ ግድግዳ ላይ ነድፎ ነበር። መጨረሻ ላይ አቡጀዲ ወጥረን ቀለም ቀባን፣ የተዋናዮቹ እንቅስቃሴም እንደ አዲስ ተሠራ። «አይቻልም» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ቀን ሲነገር ብዙ ልፋት ያድናል።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የሰው ጉዳይ ነው። ልምምዳችን ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ ቃለ ተውኔታቸውን ይረሱ ጀመር። አንዱ ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል። አዘጋጁ ተናደደ፣ «ቁም ነገር የላቸውም» አለ። እኔም ሊመስለኝ ምንም አልቀረኝም። አንድ ማታ ዋናዋን ተዋናይ ወደ ዶርም ስሸኛት «ካፌ ተዘግቷል አይደል?» አለችኝ። እራት የሚታደለው እስከ 1 ሰዓት ነው። ለካ ውጭ ገዝተው መብላት የማይችሉት ልጆች ልምምድ ባለ ቁጥር ጦማቸውን ያድሩ ነበር። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

በማግስቱ ልምምዱን ወደ 10 ሰዓት አመጣሁት፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል። የቤተ ሙከራ ትምህርት ያለባቸው ቀን ብቻ ዘግይተን እንጀምራለን፣ ያን ቀን ክበቡ ዳቦና ሻይ ይችላል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሁለት ተዋናዮቻችን ለማፍጠር እንዲደርሱ የነሱን ትዕይንት አስቀደምን። ልጆቹ ቃላቸውን መርሳት አቆሙ። አሁን የልምምድ ፕሮግራም ሳወጣ ከክፍል መርሐ ግብሩ ጎን የካፌውን ሰዓት፣ የሚድ ፈተና ሳምንቱንና የጾሙን ቀን እጽፋለሁ።

የአዳራሹን ነገር በአጭሩ፦ የቃል ፈቃድ አትመኑ። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይኑራችሁ፣ ቅጂው በእጃችሁ ይሁን። ጄነሬተር ካለ ነዳጅ መኖሩን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰዓት የሚያስነሳው ሰው መኖሩንም ጠይቁ። እኛ መብራት የጠፋብን ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ነው። ባለሙያው በቦታው ስለነበር በአራት ደቂቃ ተመለሰ። ያን አራት ደቂቃ ተዋናዮቹ ከቦታቸው ንቅንቅ ሳይሉ ጠበቁ። ሳስበው እስካሁን ሆዴ ይባባል።

የሀገራችን ቲያትር ከጅምሩ ከተማሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ በ1920ዎቹ ተውኔቶቹን ከሚያስተምራቸው ልጆች ጋር ያሳይ ነበር። ያኔ ዕቃውን ማን ይዋስ፣ ማን ይመልስ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ይህ ጥያቄ የመጣብኝ በሬዲዮ ምክንያት ነው። ተውኔታችን በደርግ ዘመን የሚኖር ቤተሰብ ታሪክ ነው፣ የድሮ ሬዲዮ ያስፈልገው ነበር። ከግቢው ጀርባ እንጀራ የሚሸጡ እትዬ አሉ፣ የባለቤታቸው ሬዲዮ ነበራቸው። ባለቤታቸው በሕይወት የሉም። ሬዲዮውን ከነዳንቴሉ አቅፈው አመጡልኝና «ልጄ፣ እሷን አደራ» አሉኝ። ከሌላ ቤት ከተዋስነው መሶብና ሣጥን ጋር በባጃጅ አስገባሁት። በሩ ላይ ሰው ተጨናንቆ ስለነበር ሳላስመዘግብ አለፍኩ።

ተውኔቱ ሁለት ማታ ታየ፣ አዳራሹ ሞላ። ሁሉም ፎቶ ሲነሳ እኔም ተነሳሁ። በማግስቱ ዕቃውን ይዤ በሩ ላይ ስደርስ ጥበቃው መዝገቡን ገለጠ፣ መለሰና አየኝ። «ልጄ፣ እዚህ የለም። ያልገባ ዕቃ እንዴት ይወጣል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ንብረት ክፍል፣ ዲን ቢሮ፣ እንደገና ንብረት ክፍል፤ መውጫ ወረቀቱን ለማግኘት አምስት ቀን ተመላለስኩ። እትዬ አንድም ቀን አልደወሉም። ቢደውሉና ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን አንድ ደብተር አለኝ። ዕቃው፣ ባለቤቱ፣ የተዋስኩበት ቀን፣ በየትኛው በር እንደገባ፣ የመዝገቡ ተራ ቁጥር፣ የተመለሰበት ቀንና ፊርማ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ሬዲዮው ነው።

በስድስተኛው ቀን ስወስድላቸው እትዬ ምጣድ ላይ ነበሩ። እጃቸውን ጠርገው ተቀበሉኝ። በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን አበሱ። ሶኬቱን ሰክተው ቁልፉን ቀስ እያሉ አዞሩት። ሬዲዮው ትንሽ ተንሿሿ፣ ከዚያ የሰው ድምፅ መጣ። ጥቂት አዳመጡና ዘጉት። ከዚያ «የት ልፈርም?» አሉኝ።