ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስጦታ ስሰፋ እስካሁን የደረስኩበት

በቱሉ ዲምቱ በኩል ባለው የኮንዶሚኒየም መንደራችን አራስ ሲጠየቅ፣ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ተማሪ ሲመረቅ ወይም እንቁጣጣሽ ሲደርስ ባዶ እጅ መሄድ ይከብዳል። ገበያው ደግሞ ሁልጊዜ ከኪስ ጋር አይስማማም። እኔ ስጦታዎቼን ከተረፈ ጨርቅና ከውራጅ ልብስ እየሰፋሁ መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉ አብልጦ የጠቀመኝ መነሻዬን ከጨርቁ ማድረጌ ነው። ስልክ ላይ ያማረ ቦርሳ አይቶ ለእርሱ የሚስማማ ቁራጭ ፍለጋ የሚወጣ ሰው መጨረሻው አዲስ ጨርቅ መግዛት ነው። ቁርጥራጩን ዘርግቶ፣ ዳስሶና ስቦ ለምን እንደሚሆን የሚያስብ ግን ምንም ሳይገዛ ሊውል ይችላል።

ጨርቅ የማገኘው በአብዛኛው ከሰፈር ነው። ልብስ ሰፊዎች ሱሪ ሲያሳጥሩ የሚቆርጡት የጂንስ እግር ለእነርሱ ቆሻሻ ነው። «ጋሼ፣ የሚጥሉትን ያስቀምጡልኝ» ብዬ ከለመንኩ ወዲህ በማዳበሪያ ከረጢት ያጠራቅሙልኛል። ሽሮ ሜዳ ስወርድ ደግሞ የሀበሻ ቀሚስ ከሚሰፉት ዘንድ የጥለት ቁራጭ እጠይቃለሁ። ከቤት የሚወጣውም ቀላል አይደለም፤ አንገቱና እጅጌው ያለቀ ሸሚዝ ጀርባው ገና ጤነኛ ነው፤ መሐሉ የሳሳ አንሶላም ዳርና ዳሩ ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። ቁልፍና ዚፕ ቀድሜ ፈትቼ በቆርቆሮ አስቀምጣለሁ።

መቀስ ከማንሣቴ በፊት ሁሉንም አጥባለሁ። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ፣ ሳይታጠብ የተሰፋ ነገር ተቀባዩ ቤት ገብቶ ይጣመማል። ደማቅ ቀለም ያለውን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸት አሸት አደርገዋለሁ፤ ነጩ ላይ ቀለም ከወጣ ከነጭ ጋር አላጋጥመውም።

ቀጥሎ የእሳት ሙከራ አለ። ከዳሩ ጥቂት ክር መዝዤ፣ በብረት ወረንጦ ይዤ፣ ውኃ አጠገቤ አድርጌ እለኩሰዋለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም ሲነኩት ይበናል። ፖሊስተር የሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ይህ ልዩነት ስጦታውን ይወስነዋል። የትኩስ ድስት መያዣ ከፖሊስተር ቢሰፋ ቀልጦ እጅ ያቃጥላል። ለእሳት ዳር የሚሆነውን ከጥጥ ብቻ እሰፋለሁ፤ ክሩም ሳይቀር የጥጥ ይሆናል። ለመሐሉ ካየሁት ሁሉ የሚበልጠው ያረጀ ጋቢ ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ ሲሆን ጋቢ አራት ስለሆነ፣ በመካከሉ የሚታቆረው አየር ሙቀቱን ያዘገየዋል። ሁለት የጂንስ ቁራጭ ከላይና ከታች፣ ጋቢው በመሐል፣ ከዚያ እንዳይንሸራተት በሰያፍ መስመር ደጋግሞ መስፋት ነው። የሸማ ጠርዝ በቀላሉ ስለሚተረተር ከመቁረጤ በፊት በምቆርጥበት መስመር ግራና ቀኝ አንድ አንድ ስፌት አሳልፍበታለሁ።

የድርና የማግን ነገር ሸማኔዎቻችን ከማናችንም በላይ ያውቁታል። ድሩ፣ ማለትም በቁመት የሚሄደው ክር፣ በሽመና ጊዜ ተወጥሮ ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ በአግድም ከሚገባው ማግ ያነሰ ይሳባል። ስለዚህ የቦርሳ ማንጠልጠያ በድሩ አቅጣጫ ይቆረጣል። ክብ ጠርዝ የሚከብበው ቀጭን ጨርቅ ግን በሰያፍ መቆረጥ አለበት፤ እንደ ልብ የሚለጠጠው በዚያ በኩል ነውና። ይህን ከለየሁ በኋላ የጀበና ማቶት በጣም ቀሎኛል። በሰያፍ የተቆረጠ ጂንስ ቱቦ አድርጌ እሰፋና፣ ለሌላ የማይሆነውን የጥጥ ብጥስጣሽ ጠቅጥቄ ሞልቼ ጫፍና ጫፉን አገናኛለሁ። ጥለት የምለጥፈው በውጪው ዙሪያ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ክር ስላለበት ከትኩስ ጀበና መራቅ ይኖርበታል። ቡና የሚወዱ እናቶች ከሰጠኋቸው ሁሉ ይህን አብልጠው ወደውታል።

የገበያ ቦርሳ ደግሞ ጊዜው ሆኗል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል ስለተከለከለ፣ ታጥፎ ኪስ የሚገባ የጨርቅ ቦርሳ ለማንም ይጠቅማል። እኔ ከመጋረጃ እሰፋዋለሁ። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ቁራጭ በአራት አጥፌ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማንጠልጠያ አወጣለሁ፤ ከቦርሳው ጋር ሳያይዘውም አራት ማዕዘን ሰፍቼ በመሐሉ የመስቀል ቅርጽ አሳልፍበታለሁ። ሽንኩርትና ድንች የሚሸከም ቦርሳ የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው። የታችኛውን ማዕዘኖች ሦስት ማዕዘን አድርጎ በአግድም መስፋት ደግሞ ቦርሳው እንዲቀመጥ ያደርገዋል።

የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ለስስ ሸሚዝ 11 ቁጥር መርፌ፣ ለአንሶላና ለመጋረጃ 14፣ ለጂንስ 16፣ ድርቡ ሲበዛ 18 እጠቀማለሁ። መስመር የማሰምረው በቁራጭ ሳሙና ነው። ካውያን አትናቁት፤ እያንዳንዱ ስፌት ወዲያው ሲተኮስ ቁርጥራጭ መሆኑ ይረሳል።

ለአራስ ልጅ የምሰፋው ብዙ ጊዜ ታጥቦ ከለሰለሰ አንሶላ በአንገት የሚታሰር የለሃጭ ጨርቅና መጠቅለያ ነው። ቁልፍም ዶቃም አላደርግበትም፤ ሕፃን ነቅሎ ሊውጠው ይችላል። ሕፃኑ ለሚተኛበት የተሞላ ትራስም አልሰፋም፤ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላልና።

ስጦታው ከውራጅ መሰፋቱን መደበቅ ግን አልወድም። ከምን እንደሰፋሁት ለተቀባይዋ እነግራታለሁ፤ እንዴት እንደምታጥበውና ካውያውን ምን ያህል እንደምታግለው የምታውቀው ጨርቁን ስታውቅ ነው። ደግሞም የአንድ ሰው ድካም፣ የታጠበና የተተኮሰ ሥራ፣ ቅር የሚያሰኝበት ምክንያት አይታየኝም። ቅር የሚያሰኘው የተንጋደደ ስፌትና የተንጠለጠለ ክር ነው፤ ስለዚህ ውስጡን እንደ ውጪው ዘምዝሜ እሰጣለሁ።

አሁን የያዝኩት ጠባብ የጥለት ቁራጮችን ጎን ለጎን አጋጥሞ የመሶብ ልብስ ማውጣት ነው። ጥለቱ ከሸማው ይልቅ ስለሚጠብቅ መጋጠሚያው ላይ ይሸበሸባል። ከሥሩ አቡጀዲ አድርጌ መስፋቱ እስካሁን የተሻለ ውጤት ሰጥቶኛል፤ ሆኖም ጨርቁን ያከብደዋል። ከእናንተ መካከል ያለ ገበር አለስልሶ ያጋጠመ ካለ አሠራሩን ቢያካፍለኝ፣ ለፋሲካ ላደርሰው አስቤያለሁ።