ይህስ ከማን አገር የመጣ ነው?

እናቴን ይዤ ሮምን ከጎበኘሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ሳይደበዝዝብኝ ላሰፍረው የምፈልገው ስለ ከተማዋ ሁሉ ሳይሆን፣ እማዬ በየአደባባዩ ቆማ ደጋግማ ስለጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ማንኛውም ጎብኚ ወደ ኮሎሲየም ሄድን። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን አስጀምሮት ልጁ ቲቶ እ.ኤ.አ. በ80 ያስመረቀው ይህ ሕንፃ ሃምሳ ሺህ ያህል ተመልካች ይይዝ እንደነበር ስነግራት፣ «ይህ ሁሉ ሕዝብ ሰው ሲሞት ሊያይ ነው የሚሰበሰበው?» ብላ ፊቷን አዞረች። እኔም ብዙ ልቆይ አልፈለግሁም።

ከዚያ ጥቂት በእግር ተጉዘን ፖርታ ካፔና አደባባይ ደረስን። የፋሺስቱ መንግሥት ከአክሱም ያስወሰደው፣ 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 የተተከለው እዚህ ነበር፤ ከፊት ለፊት ያለው፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚሠራበት ሕንፃም መጀመሪያ የታቀደው ለቅኝ ግዛት ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ብትፈርምም፣ ሐውልቱ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ የገባው በ2005 ነው፤ ዳግም የቆመውም በ2008። እማዬ ለኅዳር ጽዮን አክሱም ሄዳ ቆሞ አይታዋለች። እዚህ ግን መኪና ብቻ ይተላለፋል። ቀና ብላ ባዶውን ሰማይ ስታይ ቆየችና፣ «አክሱም ላይ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር፤ የደስታው ልክ ግን አሁን ነው የገባኝ» አለችኝ። እኔ ምንም ልመልስላት አልቻልኩም።

ጥያቄዋ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሮም ውስጥ በየአደባባዩ ሐውልት አለና፣ ባየችው ቁጥር «ይህስ ከማን አገር የመጣ ነው?» ትለኝ ነበር። በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ መካከል የቆመው ከግብፅ፤ በላተራን ያለው፣ ከ32 ሜትር በላይ የሚረዝመውም ከግብፅ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ ትንሽ የአትክልት ስፍራ የቆመው የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልትም እንዲሁ ከግብፅ የመጣ ነው፤ ከሥሩ የተጻፉት ስሞች ግን እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት ጦር ወታደሮች ስሞች ናቸው። ዛሬ ለገሃር ፊት የምናየው የይሁዳ አንበሳ ተዘርፎ የተቀመጠው እዚሁ ሐውልት ሥር ነበር፤ ዘርአይ ደረስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1938 ጎራዴውን የመዘዘውም እዚሁ። ተይዞ ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንደታሰረ በ1945 ሞተ። የዚህን ሰው ታሪክ በልጅነቴ የነገረችኝ እማዬ ራሷ ናት፤ ቦታውን ስታይ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ዝም አለች። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ባቡሩ የሚጣደፉት መንገደኞች ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፤ ይህ በጣም አሳዘነኝ።

ይህን ስጽፍ ከተማዋ ውብ መሆኗን መካድ አልፈልግም፤ በየመንገዱ ከብረት ቧንቧ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ውኃ እየጠጡ በእነዚያ ጠባብ የድንጋይ መንገዶች መሄድ በእውነት ደስ ያሰኛል። ከሁሉ በላይ የወደድነው ፓንቴዎንን ነው። ከ609 ጀምሮ ለማርያምና ለሰማዕታት የተሰጠ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ስትሰማ እማዬ ደጁን ተሳለመችና ጫማ ይወለቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የዕለቱ ሰማይ ጠቁሮ ስለነበር ከገባን ብዙም ሳይቆይ ዝናብ ጣለ። ስፋቱ 43 ሜትር የሚያልፈው ጉልላት አናቱ ክፍት ነው፤ ዝናቡ በቀጥታ ወለሉ መካከል ይወርድና በትንንሽ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ጎብኚው ሁሉ ዳር ይዞ ሲመለከት ድምፁ ጠፋ። ከጸሎት ያልተናነሰ ዝምታ ነበር።

ስንወጣ ዝናቡ ገና ስላላባራ በረንዳው ላይ ተጠለልን። እማዬ አንዱን ወፍራም ዓምድ በመዳፏ እየዳበሰች፣ «እነዚህስ?» አለችኝ። አሥራ ስድስቱም ከግብፅ የድንጋይ ካባዎች ተጠርበው በመርከብ የመጡ መሆናቸውን ነገርኳት። እጇን ሳታነሣ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚያው ተጠግታ ቆመች።