ከውሉ በፊት ካርታው፦ የአባቴን ቪላ ድሬዳዋ ላይ እንዴት አከራየሁት

አባቴ ሳቢያን በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር የሠራው ቪላ እርሱ በሕይወት እያለ አንድም ተከራይ ገብቶበት አያውቅም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከምድር ባቡር ደመወዙ ቆጥቦ መጋላ ሰፈር ያሠራት ሁለት ክፍል ቤት፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በሐምሌ ወር ሲታወጅ ተከራይ ስለነበረባት «ትርፍ» ተብላ ተወሰደችበት። ከዚያ በኋላ ሥርዓት ተለወጠ፣ የግል ቤት ማከራየትም ተፈቀደ፤ እርሱ ግን ተከራይ የገባበት ቤት ከባለቤቱ እጅ ይወጣል ብሎ ማመኑን እስከ መጨረሻው አልተወም። በ2014 ካረፈ በኋላ እናቴን እዚያው ድሬዳዋ አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለው ቤቴ አመጣኋት፤ ቪላውና በጓሮ በኩል ያሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ሁለት ዓመት ያህል ተዘግተው ቆዩ። በድሬዳዋ ሙቀት የተዘጋ ቤት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ የበሩ እንጨት ይሰነጠቃል፣ የቧንቧው ጎማ ይደርቃል፣ ከላይ እስከ ታች አቧራ ይጋገራል።

በ2016 ክረምት ለማከራየት ወሰንን። ደላላው በሁለተኛው ቀን ያመጣልኝ ሰው ነጋዴ ነበር። ነፃ የንግድ ቀጣናው በ2014 ነሐሴ ከተመረቀ ወዲህ ሥራው እንደሰፋለት ነገረኝ፤ ሳሎኑን ቢሮ፣ አራቱን መኝታ ቤቶች ደግሞ የዕቃ ማከማቻ ለማድረግ አስቦ፣ ለመኖሪያ ብዬ ከጠየቅሁት ዋጋ እጥፍ ሊከፍለኝ ተዘጋጅቶ ነበር። «አቦ፣ ሰውየው የስድስት ወር በአንድ ጊዜ ይሰጥሃል፤ ምን ታስባለህ?» አለኝ ደላላው። እውነቱን ለመናገር አእምሮዬ ተስማምቶ ነበር። ቀብድ ሳልቀበል ያደርኩት በሚኒያፖሊስ የምትኖረው እህቴ የቤቱ ወራሽ ስለሆነች ሳላማክራት መፈረም ስላልፈለግሁ ብቻ ነው።

እህቴ መጀመሪያ ያነሣችው ስለ ዋጋው አልነበረም። «ሰፈሩ የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ የሚፈቀድበት ነው? የማከራየት ፈቃድስ አውጥተሃል?» አለችኝ። እርሷ በምትኖርበት ከተማ ቤት የሚያከራይ ሰው ከከተማው የማከራየት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ በአብዛኛው የከተማው ቦታ ላይም ለረጅም ዘመን በአንድ ግቢ ከአንድ ቤተሰብ በላይ የሚያኖር ቤት መሥራት አይፈቀድም ነበር። ይህን ደንብ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ታኅሣሥ ባጸደቀው ፕላን ለውጦ በአንድ ቦታ ላይ እስከ ሦስት ቤት ፈቀደ። እኛ ጋ በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ መኖር ማንንም የማያስደንቅ ነገር ስለሆነ ጥያቄዋ ከሌላ ዓለም የመጣ መሰለኝ። ሆኖም አንድ ነገር አስታወሰኝ፤ እኔ የተከራዩን ማንነት እንጂ ቤቱ በሕግ ፊት ምን እንደሆነ አጣርቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ይዤ ወደ መሬት አስተዳደር ሄድኩ።

ካርታውን በልጅነቴ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንብቤው ግን አላውቅም ነበር። ከስፋቱና ከአዋሳኞቹ በታች «የቦታው አገልግሎት፦ መኖሪያ» ይላል። ያስተናገደችኝ ወጣት ባለሙያ የከተማውን መዋቅራዊ ፕላን ከፍታ ሰፈራችን የተቀባበትን ቀለም አሳየችኝና፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ስንት ቤተሰብ ይኑር ብለን አንጠይቅዎትም፤ የምንጠይቅዎት ቤቱ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ነው» አለችኝ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ዓረፍተ ነገር ነበር። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን ቦታ በአገልግሎት ይከፋፍላል፤ የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ያንኑ ወደ መንገድና ወደ ብሎክ አውርዶ ይዘረዝራል። መኖሪያ ተብሎ በተመደበ ቦታ ላይ ያለን ቪላ ለሌላ ቤተሰብ ማኖሪያነት ማከራየት የአገልግሎት ለውጥ አይደለም፤ ያንኑ ቪላ መጋዘን ማድረግ ግን ለውጥ ነው። ለውጡን የፈለገ ሰው አስቀድሞ የፕላን ስምምነት (የታሰበው አገልግሎት ከፕላኑ ጋር እንደሚስማማ የሚሰጥ ማረጋገጫ) መጠየቅና እንደ ሁኔታው የሕንፃ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ነጋዴው በሚሰጠኝ እጥፍ ኪራይ ውስጥ የዚህ ሁሉ ኃላፊነት ዋጋ ተቀላቅሎ እንደነበረ ያኔ ገባኝ፤ የይዞታው ባለቤት ነጋዴው ሳይሆን እናቴና እኛ ልጆቿ ነንና። በዚያው ቀን ደውዬ ይቅርታ ጠይቄ አሰናበትኩት።

ይሁን እንጂ ባለሙያዋ በካርታው ላይ ያለውን የቤት ንድፍ ስታይ ሌላ ጥያቄ አነሣች። ንድፉ ላይ ያለው ቪላው ብቻ ነው፤ ጓሮ ያሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች የሉም። አባቴ በብሎኬት ገንብቶ ቆርቆሮ ያለበሳቸው ከቪላው በኋላ ሲሆን፣ ፈቃድ አውጥቶ እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት በቤት ውስጥ አልተገኘም። በዚያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት በቀላሉ ምድብ፣ በምድብ «ሀ»፣ ውስጥ ይገባል፤ ምድቡ ቀላል ይሁን እንጂ ፈቃድ ግን ያስፈልገዋል። የምመክረው እንዲህ ነው፦ ተከራይ ከመፈለጋችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ለኩ፤ መሬቱ ላይ ያለውና ወረቀቱ ላይ ያለው ካልተመሳሰሉ በመጀመሪያ እርሱን አስተካክሉ። እኔ የለካሁት በቅዳሜ ከሰዓት፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር፣ ሜትሩን አንዱን ጫፍ እርሱ ይዞ ነው። የኋለኛው ክፍል መስኮት በቀጥታ የጎረቤታችንን የእማማን ግቢ ያያል፤ ሲለካ ከአጥሩ ያለው ርቀት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። እማማ ልብስ የሚያሰጡት እዚያ ነው፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ክፍሉ ዕቃ ቤት ስለነበረ ምንም አላሉም። ሰው ሊገባበት እንደሆነ ስነግራቸው ግን፣ «ልጄ፣ አባትህን አክብሬ ዝም አልኩ እንጂ ያ መስኮት ልክ አልነበረም» አሉኝ። መስኮቱን በብሎኬት ዘግተን በእኛ ግቢ በኩል አዲስ ከፈትን። ያለውን ቤት እንዳለ የሚያሳይ ንድፍ አሠርተን፣ የእማማን ፊርማ አስጨምረን አስገባን፤ መልሱ ከሰባት ሳምንት በኋላ መጣ።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው። ይህን በስፋት የምጽፈው ሌላ አከራይ ሲያነሣው ሰምቼ ስለማላውቅ ነው። ሳቢያን የመኖሪያ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ ከተማው ለረጅም ዘመን የጠጣው ውሃ ከሚወጣባቸው ጉድጓዶች ዋነኞቹ የሚገኙት በዚሁ አካባቢ ነው። በከተማው የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሳቢያን ጉድጓዶች ውስጥ የናይትሬት መጠን ከፍ ብሎ ማግኘታቸውን፣ ከምክንያቶቹም አንዱ ከየግቢው የሚሰርገው ፍሳሽ መሆኑን ይናገራሉ። የእኛ ግቢ ጉድጓድ የተቆፈረው ለስድስት ሰው ነው። ቪላውን ለአንድ ቤተሰብ፣ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ባከራይ በግቢው የሚኖረው ሰው ወደ አሥር ይደርሳል። ግንበኛ አስመጥቼ ባስከፈትኩት ጊዜ ታችኛው ክፍል በድንጋይ ብቻ የተደረደረና ወደ አሸዋው የሚያሰርግ ሆኖ አገኘሁት። በሲሚንቶ የተለሰነና በመኪና የሚመጠጥ ጉድጓድ አሠራሁ፤ ከአጠቃላይ ወጪዬ ግማሹ የሄደው እዚህ ላይ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ይሁን እንጂ ኪራይ ወደ ኪሴ እየገባ ፍሳሹ እኔው ራሴ ወደምጠጣው ውሃ እንዲወርድ መተው አልቻልኩም።

በውሉ ላይ የሠራሁት ስህተት የራሴ ነው። ቪላው ገና ሳይጠናቀቅ፣ ከሰርቪስ ክፍሎቹ አንዱን ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር አከራየሁ። የውሉን ቅጽ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገዝቼ የአንድ ዓመት ብዬ ሞላሁት፣ በደላላው ምክር የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ተቀበልኩ፣ ብቻዬንም ፈረምኩ። ላስመዘግበው ስሄድ ውሉ በአራት ምክንያት ተመለሰብኝ። በድሬዳዋም የሚሠራው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲፈጸም ያዛል፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብም አለበት። በዚያ ላይ ቤቱ የአራት ሰው ሆኖ ሳለ እኔ የፈረምኩት ያለ ውክልና ነበር። የአራቱን ወር ገንዘብ ለመምህሩ የመለስኩለት ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነው። ገንዘቡን ቆጥሮ ከተቀበለኝ በኋላ ያንን ስድስት ወር ለመክፈል ከባልደረቦቹ ተበድሮ እንደነበረ ነገረኝ። ሕጉ ለምን እንደወጣ ከዚያ የበለጠ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

የወራሽነቱ ጉዳይ አሰልቺ ቢሆንም ቀጥተኛ ነበር፦ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ካርታውን በእናቴና በሦስታችን ስም ማዞር፣ ከእህቴ በኤምባሲ በኩል የተላከ ውክልና። ውክልናው ላይ «ለማከራየት፣ ውል ለማስመዝገብና ኪራይ ለመቀበል» የሚሉት ቃላት በግልጽ መጻፋቸውን አረጋግጡ። የመጀመሪያው ውክልና «ቤቱን ለማስተዳደር» ብቻ ስለሚል ሁለት ጊዜ ለመላክ ተገደደች።

አዲስ ለኪራይ የሚቀርብ ቤት የመጀመሪያ ዋጋው በስምምነት ስለሚወሰን፣ ቪላውን ለአንድ ቤተሰብ በወር 15,000 ብር፣ ሁለቱን ክፍሎች እያንዳንዳቸውን በ4,000 ብር ተዋዋልን። ከዚያ በኋላ ዋጋ የሚጨምረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው፤ ስለዚህ መነሻውን ዋጋ አስባችሁ ቁረጡት። ኪራዩን ልጆቿ ለእናታችን ስለተውንላት የግብር መዝገቡ የተከፈተው በእርሷ ስም ነው። የዓመቱ ኪራይ 276,000 ብር ይመጣል፤ በዚያ ዓመት ይሠራበት በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሒሳብ መዝገብ የማይይዝ አከራይ ከጠቅላላው 50 በመቶ ወጪ ይያዝለታል። ቀሪው 138,000 ብር የኪራይ ገቢ ግብር በሚሰላበት በሠንጠረዥ «ለ» ሲሰላ ግብሩ 30,300 ብር ሆነ። በሌላ አነጋገር ከወር ኪራያችን 2,525 ብሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእኛ አይደለም ብለን ለብቻ ማስቀመጥ ነበረብን፤ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ሰው በመሆኔ ይህ አልከበደኝም፤ ሐምሌ ላይ ድንገት የሚደርስባቸው አከራዮች ግን ብዙ አይቻለሁ።

የመብራቱ ነገር ገና አላለቀም። ሦስቱም ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ላይ ናቸው፤ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር፣ በዚህ ሙቀት ማራገቢያና ፍሪጅ ሌሊቱን ሙሉ በሚሠራበት ግቢ አብሮ መቆጠር ለሦስቱም ይከብዳል። ለጊዜው ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ አስገብቼ ሒሳቡን በየድርሻቸው አከፋፍላለሁ፤ አከፋፈሉንም በውሉ ላይ በዝርዝር ጽፈነዋል። የተለየ ቆጣሪ ጠይቀናል፣ ወረፋ ላይ ነን።

ሦስቱ ውሎች ተመዝግበው በመጡበት ቀን እናቴ መነጽሯን አድርጋ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። የተከራዮቹን ስምም ዋጋውንም አልጠየቀችኝም። «ማኅተሙ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። አሳየኋት፤ በጣቷ ዳሰሰችውና ወረቀቶቹን አጥፋ፣ የመጋላው ቤት ሲወሰድ የተሰጠው ደረሰኝ እስከ ዛሬ ተቀምጦ ባለበት በአባቴ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው።