ኮረኮንች የማይበግረው የጎን ቦርሳ

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ጆሮዬ ወደ ኋላ ነው። በሳይክሌ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉት ቦርሳዎች በፊት የተማሪ ቦርሳ ነበሩ። ስለ ጨርቃቸው አልጨነቅም፤ እንዲህ ዓይነት ቦርሳ የሚከዳው በማንጠልጠያው በኩል ነው። መንጠቆው ይዘላል፣ አለዚያም ብሎን የገባበት ቀዳዳ እየሰፋ ይተረተራል።

ስለዚህ ሥራው ከጀርባ ሰሌዳው ይጀምራል። 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በቦርሳው ጀርባ ልክ ተቆርጦ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ከውስጥ ይገባል። ቫርኒሽ ካልተቀባ ውኃ ጠጥቶ ይላቀቃል። ሰሌዳ የሌለው ቦርሳ ደግሞ ዕቃ ሲበዛበት ይጎብጥና ከጎማው ሽቦዎች ጋር ይፋጫል።

ለመንጠቆ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ቁራጭ ይበቃል። በመዶሻ በአንዴ ስል አድርገው ካጠፉት እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ በብረት ዘንግ ዙሪያ ቀስ እያሉ ማጠፍ ነው። የኋላ መጫኛው ብረት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አስቀድሞ ይለካ፤ የእኔው 10 ነው። የመንጠቆው ውስጥ በአሮጌ ካላማዳሪያ ቁራጭ ይሸፈናል፤ ጎማው መንቋቋቱን ያስቀራል፣ ብረት ብረትን እንዳይበላም ይከላከላል። ለእያንዳንዱ ቦርሳ ሁለት መንጠቆ፣ ለእያንዳንዱ መንጠቆ ሁለት ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ። ዳዶው ናይለን ያለበት ይሁን፤ ተራው በንቅናቄ ይላላል። ጨርቁን በቢላ አትብሱት፤ የጋለ ሚስማር ክሩን አቅልጦ ስለሚዘጋው አይተረተርም።

ከመብሳታችሁ በፊት ግን ጫማ አድርጋችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ። በተረከዙና በቦርሳው መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ፣ መንጠቆዎቹን በሰሌዳው ላይ ወደ ፊት ውሰዷቸው፤ ቦርሳው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይሸሻል።

መንጠቆ የሚሸከመው ወደ ታች ብቻ ነው። ጉድጓድ ሲያዘልል ቦርሳው ወደ ላይ ይነሳል፤ የሚይዘው ከግርጌው ተነስቶ መጫኛው እግር ላይ የሚታሰር የሚለጠጥ ገመድ ነው። ገመዱ ቦርሳው ባዶ ሳለም መወጠር አለበት። ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህንኑ ነው።

የትከሻ ማንገቻዎቹን ቆርጦ ጫፋቸውን በእሳት መለብለብ ግድ ነው፤ የተንጠለጠለ ጨርቅ ሽቦዎቹ ውስጥ ከገባ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ለዝናብ የሚቀባ ነገር ፍለጋ መድከም ከንቱ ነው፤ አሮጌ ቦርሳ በስፌቱ ማስገባቱ አይቀርም። ወፍራም ፌስታል ከውስጥ አስገብቶ አፉን ሦስት ጊዜ መጠቅለል ይሻላል።

ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ለሰሌዳው አስጠግቼ አደርጋለሁ፤ ግራና ቀኙንም አመዛዝናለሁ። ኮረኮንቹ እንዳለቀ ብሎኖቹን በእጄ እነካካለሁ። ለመጠባበቂያ ጥቂት ብሎንና ዳዶ፣ አንድ መፍቻ፣ ወስፌና የናይለን ክር ይበቁኛል። ዚፕ እምብዛም አልጠግንም፤ ቦርሳውን ከላይ በዘለበት ማሰሪያ ጠፍሬ ጭነቱን ካነሳሁለት፣ የላላ ዚፕም ቢሆን ያደርሳል።