ሊጡ ኩፍ እስኪል የምተኛት 20 ደቂቃ

ጅማ መርካቶ አካባቢ ዳቦ ቤት ውስጥ ሌሊት እጋግራለሁ፤ ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ደግሞ አካውንቲንግ እማራለሁ። ከሁለቱ አንዱንም መተው ስላልፈለግኩ እንቅልፌን ከፋፍዬ ለመተኛት ወሰንኩ። የመረጥኩት «ኤቭሪማን» የሚሉትን ነው፦ 3 ሰዓት ዋና እንቅልፍ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ 20፣ 20 ደቂቃ ሸለብታ። በጠቅላላው 4 ሰዓት። በየ4 ሰዓቱ 20 ደቂቃ ብቻ የሚተኛበት «ኡበርማን» የሚባልም አለ። እሳት አጠገብ የሚሠራ ሰው እባካችሁ እንዳይሞክረው።

ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ተኝቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። አንዱ ሸለብታ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ሊጡ ተድቦልቡሎ ኩፍ እስኪል። ሌሎቹ ጠዋት 1 እና ቀን 7 ሰዓት።

የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፉ እምቢ አለ። የዱቄት ከረጢት ላይ ጋደም ብዬ ጣራ ጣራውን ሳይ ጊዜው ያልቃል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ገና ጎኔ ሳያርፍ ይጥለኝ ጀመር፤ ጭንቁ መነሣቱ ሆነ። አንድ ሌሊት የስልኬን ደወል ሳልነቃ አጥፍቼ ከ2 ሰዓት በላይ ተኛሁ። ሊጡ ከትሪው ጠርዝ አልፎ ተንጠልጥሏል፤ በጣቴ ነካ ሳደርገው ፍስስ ብሎ ወረደ፣ ሽታው ኮምጥጧል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሲመጡ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሊጥስ ይደፋል። እሳቱ ላይ ብትወድቅብኝ ምን ይውጠኛል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ቆሜ ካልሆነ የማልደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ከነቃሁ በኋላም ድንዛዜው እስኪለቀኝ፣ 10 ደቂቃ ያህል፣ ምድጃ አልነካም።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ቡና ነው። ጅማ ላይ «ኑ ቡና ጠጡ» ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? ከትምህርት ስመለስ የጎረቤቴ ረከቦት ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቼ የ7 ሰዓቱ እንቅልፍ ድራሹ ይጠፋል፤ የማታውም ይረበሻል። የቡናው ካፌይን ግማሹ ከተጠጣ 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም ሰውነት ውስጥ ነው። አሁን ቡናዬን ጠዋት ብቻ እጠጣለሁ። ቀን ላይ አብሬያቸው ተቀምጬ ፈንዲሻ እበላለሁ፤ እትዬም ነገሩ ስለገባቸው «በል ሂድና ተኛ» እያሉ ያስነሡኛል።

በወሩ መጨረሻ ክፍል ውስጥ አንድ መስመር ሦስት ጊዜ አንብቤ አልገባ አለኝ። ሰውነቴ የለመደ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዕዳ እያጠራቀመ ነው። ጥልቁ እንቅልፍ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይበዛል፣ ሕልም የሚታይበት ደግሞ ወደ መጨረሻው ነው፤ እኔ ያንን የኋለኛውን በየቀኑ እየቆረጥኩት ነበር። ስለዚህ ዋናውን ከምሽቱ 12:30 እስከ 5 ሰዓት አደረግኩት። አንድ የእንቅልፍ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሦስት ዙር ይሆናል። የቀኑንም ወደ 90 ደቂቃ አሳደግኩ፤ የጠዋቱን ተውኩት። አሁን በቀን 6 ሰዓት ከ20 እተኛለሁ። ለአዋቂ ከሚመከረው 7 ሰዓት ገና ያንሳል፤ ሥራ በሌለኝ የእሑድ ሌሊት ሙሉውን እተኛለሁ።

ያቺን የሌሊት 9 ሰዓት ሸለብታ ግን አልተውኳትም። ከመተኛቴ በፊት ቁራጭ ሊጥ ብርጭቆ ውስጥ አደርግና መድረስ ያለበት ቦታ ላይ ክር አስራለሁ። ስነቃ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሊጡ ክሩ ጋ ካልደረሰ ፊቴን ታጥቤ እጠብቀዋለሁ።