ማንም የማይስቅበት ክፍል

የመጀመሪያ የፊልም ቀረጻዬ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ዝም አልኩ። አስቂኝ ነገር ነው የተናገርኩት። መድረክ ላይ ብዬው ቢሆን አዳራሹ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይስቃል፣ እኔም ሳቁ በረድ ሲል ቀጣዩን እለቃለሁ። ስምንት ዓመት የኖርኩት እንደዚያ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሃያ የሚሆን ሰው ቆሞ አንድም የሳቀ የለም። ቢስቁ ድምፃቸው ቀረጻው ውስጥ ስለሚገባ መሳቅ አይችሉም። ዳይሬክተሯ አስቆመችንና ጠጋ ብላ "ምን እየጠበቅክ ነው?" አለችኝ። የምጠብቀው ሳቁን ነበር።

ከስታንድአፕ፣ ማለትም ብቻን መድረክ ላይ ቆሞ ቀልድ ከማቅረብ፣ ወደ ትወና እንዴት እንደተሻገርኩ የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ፣ አብዛኞቹ አሁንም ማይክ ይዘው የሚቆሙ ናቸው። ስለዚህ ያደረግኩትን እንዳለ ልንገራችሁ።

የጀመርኩት ስሙን ያስመዘገበ ሁሉ በሚወጣበት ክፍት መድረክ ነው። አምስት ደቂቃ ይሰጥሃል። ሰዓትህ ሊያልቅ ሲል ከአዳራሹ ጀርባ መብራት ይበራል፣ ያኔ መውረድ ነው። እያንዳንዱን ምሽት በስልኬ እቀዳ ነበር። ጠዋት ተነስቼ እሰማውና ሰው በየትኛው ቃል ላይ እንደሳቀ ደብተሬ ላይ አሰምርበታለሁ። ከዚህ የተማርኩት ትልቁ ነገር፣ የሚያስቀው ቃል መጨረሻ ላይ መቀመጥ እንዳለበት ነው። ከእሱ በኋላ አንዲት "እኮ" እንኳን ከተከተለች ሳቁ ይሰበራል። አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሥራው ይበዛል። "ሰርጉ ላይ ሙሽራው ብቻ አልተጠራም ነበር" ካልክ ሰው ከመሳቁ በፊት ግሱ ይደርስበታል። "ሰርጉ ላይ ያልተጠራ ሰው የለም፣ ከሙሽራው በቀር" ስትል ግን አዳራሹ ሌላ ነው። የማያሳፍር አምስት ደቂቃ ለማውጣት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ትወናውን የተመኘሁት ሮቢን ዊሊያምስን፣ ዉፒ ጎልድበርግን፣ ጄሚ ፎክስንና ሞኒክን እያየሁ ነው። አራቱም ከቀልድ መድረክ መጥተው ኦስካር ወስደዋል፤ ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ዊሊያምስ በ1998፣ ፎክስ በ2005፣ ሞኒክ በ2010። ሞኒክ ያሸነፈችው ልጇን የምታሰቃይ እናት ሆና ነው። የሚያስቅ ነገር የሌለው ሚና ነው፣ እኔም ደጋግሜ ያየሁት እሱን ነው። ዊሊያምስ ደግሞ በቀልድ ከመታወቁ በፊት ጁሊያርድ የሚባለው የኒውዮርክ የጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ትወና ተምሯል። ይህን ሳውቅ ተሰጥኦ ብቻ ይበቃኛል ማለቴን ትቼ የማታ ኮርስ ተመዘገብኩ።

እዚያ ሳንፎርድ ማይስነር የሚባለው የትወና መምህር ያመጣው አንድ ልምምድ አለ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። አንዱ ስለ ሌላው ያየውን ይናገራል፣ ያኛው መልሶ ይደግመዋል፣ እንዲሁ እየተቀባበሉ ይቀጥላሉ። እኔ ሦስተኛው ዙር ላይ ቀልድ እጨምርበት ነበር። ክፍሉ ይስቃል፣ አስተማሪው ያስቆመኛል። አንድ ምሽት አብራኝ የምትማር ልጅ አየት አደረገችኝና "ደክሞሃል" አለች። "ደክሞኛል" አልኩ። "ደክሞሃል።" "ደክሞኛል።" ሰባት ስምንት ጊዜ ከተመላለስን በኋላ ድምፄ ሳላስበው ተሰበረ። አይኗን ከአይኔ አልነቀለችም። የዚያን ቀን ነው የገባኝ፦ መድረክ ላይ ሁልጊዜ ሰው አዳምጣለሁ ብዬ አምን ነበር፣ ግን የማዳምጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ሳቅ። አብሮህ የሚጫወተው ሰው ሲናገር ማዳመጥ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

መድረኩ ያስለመደኝ ሌሎች መጥፎ ልማዶችም ነበሩ። አይኔ ሰው ፍለጋ ይንከራተታል፤ ካሜራው ፊትህ ላይ ተጠግቶ ሲቀርጽ ደግሞ የአይን ሽራፊ እንቅስቃሴ እንኳን ስክሪኑን ትሞላለች። ቃላት መቀየርም እወድ ነበር። የራስህ ቀልድ ከሆነ መብትህ ነው። እዚህ ግን የአንተ የመጨረሻ ቃል ለሌላው ተዋናይ መነሻው ነው፣ ከቀየርክበት እሱ ይጠፋዋል። መሬት ላይ መቆሚያህ ተብላ በተለጠፈች ፕላስተር ላይ ልክ መቆም፣ ትዕይንቱ በተደገመ ቁጥር ኩባያውን በዚያው እጅ በዚያው ቃል ላይ ማንሳት፣ ይህ ሁሉ በልምምድ ይመጣል፤ እቤት ከወንበርና ከኩባያ ጋር ሠርቼዋለሁ።

ግን ኮሜዲያን ይዞት የሚመጣው፣ ሌላው ተዋናይ ብዙ ዓመት የሚለፋበት ነገር አለ። አንድ ትዕይንት መጀመሪያ ከሩቅ ይቀረጻል፣ ከዚያ የአንዱ ፊት፣ ከዚያ የሌላው። አንዷን ንግግር አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ ትላታለህ፣ አሥራ ሁለተኛዋም አሁን የመጣችልህ መምሰል አለባት። እኛ ደግሞ አንድን ቀልድ ሦስት መቶ ምሽት ልክ አሁን ትዝ እንዳለን አድርገን ስንናገር የኖርን ሰዎች ነን! ቀረጻው ሲረዝም ሰው ሁሉ ሲዝል እኔ እየሞቅኩ የምሄደው ለዚህ ነው። ጀማሪ ኮሜዲያን ሁሉ ይህን ሀብቱን ቢያውቅ ደስ ይለኛል፣ ብዙዎቹ ፊልም ላይ ከዜሮ የሚጀምሩ ስለሚመስላቸው።

ስለ ኦዲሽን፣ ማለትም ሚና ለማግኘት ስለሚደረገው ፈተና፣ ብዙ አልልም። እቤት ቀርጸህ ትልካለህ፣ አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይመጣም፣ ቀጣዩን ትልካለህ።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ሥራ መምጣት ሲጀምር መድረኩን ለአንድ ዓመት ተውኩት። ስመለስ የማውቀው አዳራሽ ጠፋብኝ፤ ቆም ማለት ያለብኝ ቦታ እሮጣለሁ፣ መሮጥ ያለብኝ ቦታ እቆማለሁ። ቀረጻ ላይም ንግግሬ ሕይወት አጥቶ እንደነበር ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ከዚያ ወዲህ የፈለገ ሥራ ቢበዛብኝ በሳምንት አንድ ቀን ማይክ እይዛለሁ።

የፊታችን ሐሙስም እወጣለሁ። አዲስ ሰባት ደቂቃ አለኝ። አራቱ ቀልዶች ይሠራሉ ብዬ አስባለሁ፣ አምስተኛው ላይ ግን ዋናው ቃል ገና መሃል ላይ ነው ያለው።